ነጭ ለብሰው የሚውሉበት ሜዳ

ስለ ክሪኬት እርግጠኛ የሆነው የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስረጃ የፍርድ ቤት መዝገብ ነው። ነገሩ የመሬት ክርክር ነበር። ዓመቱ በፈረንጆች 1597፣ ቦታው ከለንደን ደቡብ ምዕራብ ያለችው ጊልፎርድ ከተማ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም፣ አንዱ ብቻ ሲቀር፣ የፈረንጆቹ ናቸው።) ጆን ዴሪክ የሚባል ስድሳ ሊሞላው የተቃረበ ሰው ለምስክርነት ቀረበ። ክርክር ስለተነሳባት ቁራሽ መሬት ተጠየቀ። እሱም ተማሪ በነበረበት ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር እዚያው ላይ ይሯሯጥ፣ ክሪኬትም ይጫወት እንደነበር ተናገረ።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት በጣም ነበር የገረመኝ። ምክንያቱም አገሬን አየሁበት። አንዱ መሬት ያጥራል። ሌላው "የወል ነው" ይላል። ከዚያ ሽማግሌ ይጠራና "እኔ ልጅ ሆኜ ከብት አግጄበታለሁ" ብሎ ይመሰክራል። ዴሪክ የመሰከረው በጨዋታ ነው። አንድ ቦታ የጋራ ለመሆኑ ልጆች እንደልባቸው ይጫወቱበት ከነበረ የተሻለ ምን ማስረጃ አለ?

የምኖረው ከዚያው ከጊልፎርድ ብዙ በማትርቅ የሰሬይ መንደር ነው። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ ነው። ከመሥሪያ ቤቴ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ስሄድ ሜዳውን አቋርጣለሁ። በአንድ በኩል ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላው መጠጥ ቤት፣ በሦስተኛው ጎን መንገድ አለ። ጥግ ላይ ቀለሟ የተላላጠ የእንጨት ቤት አለች። መጀመሪያ ሰሞን ቅዳሜ ከሰዓት ነጭ የለበሱ ሰዎች ተበታትነው ቆመው ሳይ ምን እየጠበቁ እንደሆነ አይገባኝም ነበር።

ክሪኬትን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ነው። ሜዳው መሃል 20 ሜትር ያህል የምትረዝም የተዳመጠች መደብ አለች። በሁለቱ ጫፎች ሦስት ሦስት እንጨት ተተክሏል። አንዱ ኳስ ይወረውራል። ሌላው በመምቻ እንጨቶቹን ይከላከላል። አርቆ ከመታ ከባልደረባው ጋር ቦታ እየተለዋወጠ ይሮጣል፤ እያንዳንዱ ሩጫ ይቆጠርለታል። ኳሱ እንጨቶቹን ከመታ ወይም መሬት ሳይነካ ከተቀለበ፣ መቺው ይወጣል። ኳሱ በቆዳ የተለበጠ ደረቅ ነገር ነው፤ 160 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሲመታ ያማል። መሬት ሳይነካ ከወሰኑ ውጪ ካረፈ ስድስት ሩጫ ይታሰባል። አንዱ ቡድን መትቶ ሲጨርስ ሌላው ተራውን ይይዛል። በቃ። ሌላው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ዕድሜ ልክ አያልቅም።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ ነው ነገሩን በደንብ ማየት የጀመርኩት። ቅዳሜ ከሰዓት አብረን ወጣን። ሜዳው ዳር እንደደረስን ነጠላዋን አስተካከለች።

"ምነው ልጄ፣ ዛሬ ምን በዓል ነው?"

"በዓል አይደለም እማዬ። ጨዋታ ነው።"

"ሁሉም ነጭ ለብሰው!"

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ብዙ ቆየን። እናቴ ዝም ብላ ታያለች። መጨረሻ ላይ ጠየቀችኝ።

"ከሰባት ሰዓት ጀምረው እስካሁን ቆመዋል። ደመወዝ አላቸው?"

"የላቸውም። እንዲያውም ከኪሳቸው እየከፈሉ ነው የሚጫወቱት።"

"እና ማን ነው የሚያበላቸው?"

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የእድር ሰው ነበረች። ድንኳን ሲተከል፣ ድስት ሲጣድ፣ ሰሃን ሲቆጠር የኖረች ሴት ናት። ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ስትደርስ መጀመሪያ የሚታያት ከጀርባ ያለው ሥራ ነው። እኔ በእነዚያ ሁሉ ቅዳሜዎች ጨዋታውን ብቻ ሳይ ኖሬ፣ የእሷ ጥያቄ የእንጨቷን ቤት በር አስከፈተኝ። ልጠይቅላት ብዬ ሄድኩ።

ውስጡ እድር ቤት ነው ብል አላጋነንኩም። ግድግዳው ላይ የተራ ዝርዝር ተለጥፏል፤ ሻይ የሚያፈላ፣ ሳንድዊች የሚያዘጋጅ፣ ዕቃ የሚያጥብ። መደርደሪያ ላይ የተደረደሩ ኩባያዎች አሉ። ገንዘብ ያዥ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ሊቀመንበር አለ። መዋጮ አለ፣ መዋጮ የዘገየበትም ሰው አለ። በዓመት አንዴ ጠቅላላ ስብሰባ አለ፤ ስብሰባው ላይም ሁሌ የሚቆጣ አንድ ሰው አይጠፋም። ቀብር ሲኖር ክለቡ ይሄዳል። አንድ አባል ሲታመም የሚያመላልሰው መኪና ከክለቡ ይገኛል። እናቴ ከኋላዬ ገብታ ኩባያዎቹን አየችና ራሷን ነቀነቀች። ገባት። ከዚያ ቀን በኋላ ስትደውል "እነዚያ ነጭ ለባሾች ደህና ናቸው?" ትለኛለች።

የዚህ ሁሉ ሥራ ትልቁ ድርሻ የሣሩ ነው። ከውጪ ለሚያየው ሣር ሣር ነው። መሃሉ ያለው መደብ ግን ሌላ ዓለም ነው። አፈሩ ሸክላ የበዛበት ነው፤ ሲዳመጥና ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ኳሱም ሲያርፍበት በቅጡ ይነጥራል። መደቡ ወጣ ገባ ከሆነ ኳሱ ያልታሰበ ቦታ ይነሳና ሰው ፊት ላይ ያርፋል። ስለዚህ መጋቢት ላይ ብርዱ ገና ሳይለቅ ሮሎ ይወጣል። ከባድ የብረት ሮሎ፣ በዝግታ፣ ወዲያና ወዲህ፣ ሰዓታት ሙሉ። ለጨዋታ የምትዘጋጀው መደብ ሣሯ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ እስኪቀር ይታጨዳል። መስከረም ላይ ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጀመራል። የሞተው ሣር ተቧጭሮ ይወጣል፣ አዲስ ዘር ይዘራል፣ ላዩ ላይ አዲስ የሸክላ አፈር ይነሰነሳል። ክረምቱን ሙሉ እንዲያርፍ ይተዋል። የእኛን ሜዳ የሚንከባከቡት ሰው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ዝናብ ሲመጣ ሸራ ለማልበስ ሌሊት ተነስተው የሚወጡ ሰው ናቸው። ደመወዝ የላቸውም።

እኔ የገባሁበት በር ግን የመዝገብ ነው። በምሠራበት ቤት ከሚኖሩት አረጋውያን አንዱ ብዙ ዓመት ለክለቡ ውጤት መዝጋቢ ነበሩ። እኔ በልቤ አባባ እላቸዋለሁ። የትናንቱን ነገር ብዙ ጊዜ አያስታውሱም። መዝገቡን ስሰጣቸው ግን እጃቸው ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀለል ሲል በእርሳስ ያስተምሩኝ ጀመር።

አንድ ወርዋሪ ስድስት ኳስ ይወረውርና ለሌላው ይለቃል። ስድስቱ አንድ ኦቨር ይባላሉ። ለእያንዳንዱ ኳስ ምልክት አለ። ሩጫ ካልተገኘበት ነቁጥ ይደረጋል። ስድስቱም ነቁጥ ከሆኑ፣ ሦስቱ ከላይ ሦስቱ ከታች ሆነው ይያያዙና ኤም የምትባለውን ፊደል ይሠራሉ። የተገኘው ሩጫ በሦስት ቦታ ይጻፋል፤ በመቺው፣ በወርዋሪውና በጠቅላላው ድምር ላይ። ማታ ሦስቱ መስማማት አለባቸው። ካልተስማሙ እስኪስማሙ ተመልሶ ይፈተሻል። መዝጋቢዎቹ ሁለት ናቸው፣ ከየቡድኑ አንድ። ጎን ለጎን ተቀምጠው በየኦቨሩ ይተያያሉ። ተቃራኒ ወገን ሆነው አንድ ዓይነት ነገር መጻፍ አለባቸው። ይህን ነገር በጣም ነው የምወደው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ዳኛው ሜዳ ላይ ሆኖ በእጁ ምልክት ሲሰጥ፣ መዝጋቢው እጁን አንስቶ "አይቻለሁ" ማለት አለበት። ያ ምላሽ እስኪመጣ ዳኛው ይጠብቃል። ቀጣዩ ኳስ አይወረወርም። የመጀመሪያ ቀን መዝገብ ይዤ ስቀመጥ ዳኛው ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፣ ስድስት ማለቱ ነው፣ ከዚያ ወደኔ ዞረ። ሃያ ሁለት ሰው እየጠበቀ ነው። እጄን አነሳሁ። ጨዋታው ቀጠለ። በዚህ አገር ብዙ ቦታ ሠርቻለሁ፣ ብዙ ቅጽ ሞልቻለሁ። ሰዎች ቆመው እኔ ማየቴን እስካረጋግጥላቸው የጠበቁበት ቦታ ግን ሌላ አላስታውስም።

አሁን ብዙ ክለቦች በታብሌት ይመዘግባሉ። እኛም ታብሌቱን ይዘናል። መጽሐፉንም አልተውንም። ሰኞ ሥራ ስገባ ለአባባ የማሳያቸው መጽሐፉን ነው።

ከታሪኩ ደግሞ ልቤን የሚነካው የሃምብልደን ነገር ነው። ሃምብልደን ሃምፕሸር ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ከ1760ዎቹ ጀምሮ የእንግሊዝ ክሪኬት እምብርት እሷ ነበረች። ሜዳው ኮረብታ ላይ ያለው ብሮድሃፍፔኒ ዳውን ነው። ፊት ለፊቱ አንድ መጠጥ ቤት አለ። የቡድኑ አለቃ ሪቻርድ ናይረን የዚያው መጠጥ ቤት ባለቤት ነበር። በ1777 የሃምብልደን ሰዎች ከመላው እንግሊዝ የተመረጠን ቡድን ገጥመው አሸነፉ። እንዲያው አሸነፉ ብቻ አይደለም። እንግሊዞቹ ሁለቴ መትተው የሃምብልደንን የአንድ ዙር ውጤት ሊደርሱበት አልቻሉም፤ 168 ሩጫ ጎደላቸው።

በዚያ ዘመን የሚጫወቱት እነማን ነበሩ? ከሃምብልደን ምርጥ መቺዎች አንዱ ጆን ስሞል የፒተርስፊልድ ጫማ ሰፊ ነው። ከዘመኑ ታላላቅ ወርዋሪዎች አንዱ፣ "ላምፒ" እየተባለ የሚጠራው ኤድዋርድ ስቲቨንስ፣ የአንድ መስፍን አትክልተኛ ነው። በ1775 ሁለቱ ለንደን ላይ ተገናኙ። ያኔ የሚተከለው ሁለት እንጨት ብቻ ነበር። አትክልተኛው የወረወረው ኳስ ሦስት ጊዜ በሁለቱ እንጨቶች መካከል ሾልኮ አለፈ። እንጨት ስላልነካ ጫማ ሰፊው አልወጣም፤ ቡድኑንም ለድል አበቃ። ሰው ሁሉ ይህ ፍትሕ አይደለም አለ። መሃል ላይ ሦስተኛ እንጨት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በየስታዲየሙ የሚተከለው ሦስተኛ እንጨት የአንድ አትክልተኛና የአንድ ጫማ ሰፊ ታሪክ አለበት።

መሳፍንቱም ከነሱ ጋር አንድ ሜዳ ላይ ይጫወቱ ነበር። እኛ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" እንላለን። በገና ቀን ጌታና ሎሌ ዱላ ይዘው ሩር ሲያሳድዱ፣ ሎሌው ጌታውን ቢመታም አይቀየምም። እዚህም ቢያንስ ለአንድ ከሰዓት ያህል እንዲሁ ነበር። ግን ማታ ሲሆን ሁሉም ወደየቦታው ይመለሳል። ይህን መርሳት አይገባም። በ1787 ኤምሲሲ የሚባለው ክለብ ለንደን ውስጥ ተመሠረተ። ገንዘቡና ሥልጣኑ ወደዚያ ሄደ፤ ሃምብልደን ደበዘዘች። በትልቁ ክሪኬት ውስጥ "ጨዋ" የተባሉት ያለ ደመወዝ የሚጫወቱ ሀብታሞችና በደመወዝ የሚጫወቱት ለብዙ ዘመን በተለያየ በር ይገቡ ነበር፤ ልብሳቸውንም በተለያየ ክፍል ይቀይሩ ነበር። ልዩነቱ በይፋ የተነሳው በ1962 ነው።

ሴቶችም ቢሆኑ ዛሬ የመጡ አይደሉም። በጽሑፍ የተመዘገበው የመጀመሪያው የሴቶች ጨዋታ በሐምሌ 1745 የተካሄደው እዚሁ ሰሬይ ውስጥ ነው፤ ጊልፎርድ አጠገብ። የብራምሊ ልጃገረዶች ከሌላዋ፣ ከሰሬይዋ ሃምብልደን ልጃገረዶች ጋር ተጫወቱ። ሁሉም ነጭ ለብሰው፣ የአንዱ ቡድን ጥብጣብ ሰማያዊ፣ የሌላው ቀይ። ከዚያ በኋላ ግን ሴቶቹ ለብዙ ጊዜ ወደ ሻይ ክፍሉ ተገፉ። በ2023 አንድ ገለልተኛ ኮሚሽን የእንግሊዝን ክሪኬት መርምሮ ዘረኝነት፣ የጾታ አድልዎና የመደብ አድልዎ በሰፊው ሥር ሰዶበታል አለ። የዚያን ሪፖርት ዜና ሳነብ አልደነቀኝም። እኛ ሜዳ ላይ ክፉ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ሌላ ሜዳ ላይ ሌላ ሰው የሰማውን ግን አምናለሁ። የምወደው ነገር ላይ እንዲህ ያለ ነውር ሲነገር ማድመጥም የመውደድ አካል ነው ብዬ አስባለሁ።

በ1990 ኖርማን ቴቢት የሚባል ፖለቲከኛ ስለ ስደተኞች የተናገረው ነገር አለ። አገሮች ክሪኬት ሲጋጠሙ ስደተኞቹ የትኛውን አገር ነው የሚደግፉት? እንግሊዝን ወይስ የመጡበትን አገር? ይህ የማንነት ፈተና ነው አለ። ያኔ ከህንድ፣ ከፓኪስታንና ከካሪቢያን የመጡትን ሰዎች ልብ ነክቶ ነበር፤ እስከዛሬም ይነሳል። እኔ ይህን ጥያቄ አልወደውም። የእኔ አገር ክሪኬት ስለማትጫወት ቀለል ብሎኝ አይደለም። ሰውን ከውጪ አቁሞ ልቡን የሚመረምር ጥያቄ ስለሆነ ነው። መንደሩ ውስጥ ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀኝም። የተጠየቅኩት "ቅዳሜ ትመጪያለሽ?" ተብዬ ነው። መምጣቴ ብዙ ነገር መለሰ።

ስለ መጤ ካነሳሁ የሊንትዝን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሊንትዝ ከሰሜን እንግሊዝ በደርሃም አውራጃ ያለች የቀድሞ የማዕድን ቆፋሪዎች መንደር ናት። የክሪኬት ክለቧ ነገሩ እስከተነሳበት ጊዜ ድረስ ለ70 ዓመት ገደማ አንድ ሜዳ ላይ ሲጫወት ኖሯል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሜዳው አጠገብ ቤቶች ተሠሩ። አንድ ባልና ሚስት አንዱን ቤት ገዙ። ከዚያ ኳስ ጓሮአቸው መውደቅ ጀመረ። ክለቡ አጥሩን ከፍ አደረገ። የሚሰበር ነገር ካለ እንከፍላለን አለ። ቤተሰቡ ግን ጨዋታ ባለበት ሰዓት ጓሮአቸው ውስጥ መቀመጥ አስፈራቸው። ክስ መሠረቱ፤ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ጨዋታው ይቁም አለ።

ጉዳዩ በ1977 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደረሰ። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ዝነኛው ሎርድ ዴኒንግ ነበሩ። ውሳኔያቸውን የጀመሩት የበጋ የመንደር ክሪኬት የሁሉም ደስታ ነው ብለው ነው። ሜዳው ከጠፋ ወጣቶቹ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳሉ፣ መንደሩም ደሃ ይሆናል አሉ። ቤቱ ከመሠራቱ በፊት እዚያ ይግጡ የነበሩት ከብቶች በክሪኬቱ አልተከፉም ነበር አሉ። ይህ ሁሉ የመጣው ሜዳው አጠገብ ቤት በገዛ አንድ አዲስ መጤ የተነሳ ነው አሉ። ሌሎቹ ሁለት ዳኞች ክለቡ በሕግ ጥፋተኛ ነው ብለው ነበር። ሆኖም አንደኛው ጨዋታው ይቁም በሚለው አልተስማማም። ስለዚህ ቤተሰቡ 400 ፓውንድ ካሳ አገኘ፤ ክሪኬቱም ቀጠለ።

እኔ የዴኒንግን ቃል ሳነብ ሁለት ስሜት አለኝ። ስለ ሜዳው ያሉት ሁሉ ልክ ነው። "አዲስ መጤ" የሚለው ግን ይከነክነኛል። አዲስ መጤ እኔም ነኝ። ጓሮዋ ውስጥ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ኳስ የምትፈራ ሴት መብት አላት፤ ለመፍራትም የዓመታት ነዋሪነት አይጠየቅባትም። መጨረሻ ላይ የደረሱበት ነገር፣ ማለትም ካሳው ይከፈል፣ ሜዳውም ይኑር የሚለው፣ ለእኔ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ የሚደርስበት ዓይነት እርቅ ነው።

ጉዳዩ ደግሞ አላለቀም። ሳውዝዊክ የምትባል የደቡብ ባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ ከ1790 ጀምሮ የሚጫወት ክለብ አለ። በ2024 አባላቱ ሜዳቸው ላይ ስድስት መምታት ከለከሉ። በዙሪያው ያሉ ቤቶች መስኮትና የቆሙ መኪኖች በኳስ እየተመቱ ቅሬታ በዝቶ ነው። የመጀመሪያው ስድስት አይቆጠርም፤ ሁለተኛ የመታ ይወጣል። ብዙ ሰው ተናደደ። እኔ አልተናደድኩም። ከጎረቤት ጋር ለመኖር ሲባል ከጨዋታው ትልቁን ደስታ መተው ቀላል ነገር አይደለም።

ሜዳ ሲጠፋ ምን እንደሚቀር እኛ የአዲስ አበባ ልጆች እናውቀዋለን። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ወንዶቹ ኳስ የሚጫወቱበት፣ እኛ ሱዚ የምንዘልበት ሜዳ ነበረን። አሁን ፎቅ ነው። ትልቁ ጃን ሜዳ እንኳ፣ ጥምቀት የሚከበርበት፣ የገና ጨዋታና የፈረስ ውድድር ያየ ሜዳ፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ አትክልት ተራ ወደዚያ ተዛውሮ ነበር። ጊዜው አስገዳጅ ነበር፤ አልፈርድም። ግን ለቀጣዩ ጥምቀት ሜዳው እስኪጸዳ ስንት ሰው ተጨነቀ! ያ ጭንቀት ትክክለኛ ጭንቀት ነው። ባዶ የሚመስል መሬት ባዶ አይደለም። ዴሪክም በ1597 ያለው ይህንኑ ነው።

እዚህም መንደሩ እየሳሳ ነው። ፖስታ ቤቱ ተዘግቷል። አውቶቡሱ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ይመጣል። መጠጥ ቤቱ ባለቤት ይቀያይራል። ክለቡም ቢሆን እንደድሮው አይደለም። የእሁድ ጨዋታ ተጫዋች ጠፍቶ ይሰረዛል። ወጣቶቹ ቤት ኪራዩ ስለማይቀመስ ወደ ከተማ ይሄዳሉ። በብዙ ቦታ ሻዩም ቀርቷል። በ2020 በኮሮና ምክንያት ሲቋረጥ፣ ብዙ ክለቦች ሰው ከቤቱ ቋጥሮ ቢመጣ ይቀላል ብለው አልመለሱትም። የኛ ግን ተመልሷል። የቀረባቸው ክለቦች ያሳዝኑኛል። ያም ሆኖ የቀረበትን ምክንያት እረዳለሁ። ለብዙ ዓመታት ያንን ሳንድዊች የቆረጡት ሚስቶችና እናቶች ነበሩ፤ ቅዳሜያቸውን ማንም አልቆጠረላቸውም። በእኛ ክለብ ሻዩ የተመለሰው ወንዶቹም በተራው ዝርዝር ውስጥ ይግቡ ተብሎ ነው። ገቡም። የአንዱ የዕንቁላል ሳንድዊች ከሁሉም ይበልጣል።

እዚህ አገር ላሉ ወገኖቼ የምለው አለኝ። ማኅበር አለን፣ እቁብ አለን፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አለን። እነሱ ባይኖሩ ብዙዎቻችን በብቸኝነት እንጎዳ ነበር። ግን የሰፈራችን ሜዳም የእኛ ነው። ልጆቻችን እዚያ ናቸው። ክሪኬት ማወቅ አያስፈልግም። ሻይ ማፍላት የማያውቅ ሐበሻ የለም። ካልሆነም ወንበር መደርደር አለ፣ ቀለም መቀባት አለ። ጓደኛዬ ልጇን ወደ አርብ ማታ የልጆች ልምምድ ስታመጣው ለሁለት ሳምንት መኪና ውስጥ ተቀምጣ ጠበቀችው። በሦስተኛው ከሴቶቹ አንዷ መስኮቷን አንኳኩታ ኬክ ለመቁረጥ እርዳታ ጠየቀቻት። አሁን የተራው ዝርዝር ላይ ስሟ አለ። ልጁም ግራ እጁ ወርዋሪ ነው፤ ጥሩ ይሆናል።

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ሜዳውን የሚንከባከቡት ሰው ተነስተው ተናገሩ። ጉልበታቸው እንደደከመ፣ ከሚቀጥለው ዓመት በኋላ ብቻቸውን እንደማይችሉት ነገሩን። ቤቱ ዝም አለ። ሁሌ የሚቆጣው ሰው እንኳ ዝም አለ። ገንዘብ ከፍሎ ማሠራት አይቻልም፤ የክለቡ ካዝና አይችለውም። በመጨረሻ አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እጁን አነሳ። ቀጥሎ የመጠጥ ቤቱ አስተናጋጅ። ቀጥሎ እኔ።

ሥልጠናው የሚጀምረው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ማሽኑን ማጽዳትና ዘይት መቀየር ነው የምንማረው፤ አፈሩን በእጅ ጨብጦ እርጥበቱን ማወቅ ቀጥሎ ይመጣል። ሮሎው ላይ የምንወጣው መጋቢት ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ሚያዝያ መጨረሻ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። በአቅራቢያው ያላችሁ ኑ። ሻይ አለ።